በሸክላው እንግዳ ሆድ የገባችው ጦጢት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብትሉኝ ዛሬ አልቀበላችሁም። የዛሬው የዝሆን በረት ነው። ደርብ፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት። መሳቅ ይቻላል፤ መንጫጫት ግን ውጭ ነው።

ይህን ተረት እኔ አልፈጠርኩትም። ልጅ እግር ሳለሁ ድሬዳዋ ውስጥ ቫላብ በሚባል ባንያን ሱቅ ጨርቅ እጠቀልል ነበር። ባንያን የምንለው ከህንድ የመጣውን ነጋዴ ነው። ገበያ የቀዘቀዘ ዕለት ቫላብ የጨርቅ ጣቃው ላይ ጋደም ይልና የአገሩን ወሬ በተሰባበረ አማርኛ ያወራልኛል። እሱ ያጣመመውን እኔ አቃንቼ ልንገራችሁ። የጎደለ ካለ የእሱ ነው፤ የተጨመረ ካለ የእኔ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ፣ ስሟን ቫላብም በማያስታውሰው አንዲት መንደር፣ ሰዎቹ ጋነሻ የሚሉት አምላክ ነበራቸው። ገላው የሰው፣ ራሱ የዝሆን ነው።

ምን አልሽ ውድነሽ? ራሱ ለምን የዝሆን ሆነ? እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ወሬ ነው። ባጭሩ፣ አባቱ፣ ሺቫ የሚሉት ሌላው አምላክ፣ ልጁ መሆኑን ሳያውቅ ተቆጣና አንገቱን ቆረጠው። ኋላ ሲያውቅ ጸጸት ገደለው፤ መጀመሪያ ያገኙትን የዝሆን ራስ አስመጥቶ ተከለለት። ይሄን ያህል ይበቃሻል። መጠየቅሽን ግን አልጠላሁትም፤ ይህ ተረት ባልጠየቀች ጦጣ ላይ የደረሰ ነውና።

ጋነሻ ዕንቅፋት ያነሳል ይላሉ። ሙሽራ ሲዳር፣ ቤት ሲሠራ፣ ልጅ ፊደል ሲጀምር በቅድሚያ የሚጠራው እሱ ነው። ቦርጫም ነው፤ ጣፋጭ ነገር ይወዳል። የሚጋልበው ደግሞ ፈረስ እንዳይመስላችሁ፣ አይጥ ነው። ያን የሚያህል ዝሆን በአይጥ ጀርባ ላይ። እኔም ቫላብን «እንዴት ተሸከመው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «እሱን እኛም እያሰብንበት ነው» አለኝ።

በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጋነሻ ወደ መንደሩ አሥር ቀን በእንግድነት ይመጣል። ወቅቱን እንደኛ ነሐሴ በሉት፤ ጎተራው ተሟጦ አዲሱ እህል ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። የጋነሻን ምስል ከወንዝ ጭቃ የምትሠራው ጎማቲ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ልጇም ሞታለች፣ ሦስት የልጅ ልጆች በእጇ ቀርተዋል። ለድካሟ እህል ሰፍሮ የሚሰጣት የለም። የመንደሩ ልማድ አሥሩንም ቀን ከፕራሳድ ድርሻዋን እንድትወስድ ነው።

ፕራሳድ እንደኛ ጠበል ጻዲቅ ያለ ነገር ነው። የመቅደሱ አገልጋይ ምግቡን በምስሉ ፊት ያስቀምጣል፣ መጋረጃ ይጋርዳል፣ ደወል ይደውላል። እንግዳ ሲበላ አፍ አፉን አያዩትማ። ጥቂት ቆይቶ መጋረጃው ሲገለጥ ምግቡ እንደነበረ ነው፤ ግን አምላክ ፊት ስለቀረበ በረከት ሆኗል ብለው ለሁሉም ያድሉታል። ያበሰለችው ሴት እንኳ ጨዉን አትቀምስም፤ ከእንግዳው ቀድሞ መቅመስ ነውር ነው። በዚያ በችጋር ወር ጎማቲና ሦስቱ ልጆች ነፍሳቸው የምትቆየው በዚህች ፕራሳድ ነበር። የተረፋቸውን ደግሞ ጸሐይ ላይ አድርቀው እስከ አዲሱ እህል ይቆነጥሩታል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ከሩቅ ጫካ አንዲት ጦጣ መጣች። በዚያ አገር ጦጣ አይመታም። ሃኑማን የሚባል የጦጣ ፊት ያለው ጀግና አምላክ ስላላቸው፣ ጦጣ ባዩ ቁጥር እሱን እያሰቡ ሙዝ ይሰጧታል። ስለዚህ እመት ጦጢት ፈሪ አልነበረችም፤ የጠገበች ባለጌ ነበረች።

ጦጢት በመቅደሱ የኋላ መስኮት ዘልቃ ምስሉን ብታይ፣ ጀርባው ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ጎማቲ ሸክላውን በቀርከሃና በጭድ ላይ ስለምታቆመው ውስጡ ባዶ ነው፤ በዝናብ ወራት ካልተነፈሰ ደግሞ አይደርቅም። ጦጢት ሰተት ብላ ገባች። ውስጡ ይሞቃል፣ ጭዱ ይመቻል። ኩምቢው ክፍት ስለሆነ በእሱ በኩል አገር ምድሩ ይታያል።

ከምስሉ እግር ሥር አይጦ ይኖር ነበር። አይጦ የጋነሻ በቅሎ ዘር ነኝ ብሎ የሚኮራ፣ ሁሉን ነገር ካልጠየቀ እንቅልፍ የማይወስደው ትንሽ አይጥ ነው።

«ደኅና ዋልሽ እመት ጦጢት፣ ከየት መጣሽ?» አላት።

«ከራበኝ በኩል።»

«እስከ መቼ ትቆያለሽ?»

«እስክጠግብ።»

«አሥረኛው ቀን ምን እንደሚሆን አትጠይቂኝም?»

«እኔ የምጠይቀው ምሳ መቼ እንደሆነ ብቻ ነው» አለችና ጭዱ ላይ ተኛች።

በማግስቱ በዓሉ ተጀመረ። የመቅደሱ አገልጋይ ፓንዲት ሶምናት ይባላል፤ ፓንዲት የማዕረግ ስም ነው። ሲጠሩት ፓንዲትጂ ይሉታል፤ ይህች «ጂ» የሚሏት ነገር የእነሱ አንቱታ ናት። ፓንዲት ሶምናት ሃያ አንድ ሞዳክ በሰፊ ቅጠል ላይ ደረደረ። ሞዳክ በሩዝ ሊጥ ውስጥ ኮኮናትና ጥቁር ስኳር ተጠቅጥቆ በእንፋሎት የሚበስል፣ ጋነሻ ይወደዋል የሚሉት ጣፋጭ ነው። መጋረጃው ተጋረደ፣ ደወሉ ተደወለ። ጦጢት በጀርባው ወጥታ ሃያ አንዱንም ጠራርጋ በላችና ተመልሳ ገባች።

መጋረጃው ሲገለጥ ቅጠሉ ባዶ ነው። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። አባቶቻቸው ያላዩትን ተአምር አዩ፤ አምላክ ራሱ በላ። ሶምናት በደስታ አለቀሰ። ጎማቲም አብራ እልል ብላ፣ እልልታው ሲበርድ የያዘችውን ባዶ ሳህን አየች።

«ፓንዲትጂ፣ የእኛስ ድርሻ?» አለች።

«ምን ተረፈና ልስጥሽ? እሱ ጠግቦ አንቺ ራበኝ ትያለሽ?» አላት።

ጎማቲ አፈረችና ባዶ ሳህኗን ይዛ ሄደች። በዚያ ቀን ልጆቹ ቅጠል የፈላበት ውሃ ጠጥተው ዋሉ።

በሁለተኛው ቀን እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጦጢት ጥጋቡ ራሷ ላይ ወጣባት። አፏን ኩምቢው ውስጥ ከታ ብትናገር ድምጿ እንደ መለከት ወፍሮ ወጣ።

«ሶምናት፣ ሃያ አንዱ አልበቃኝም። አርባ ሁለት አድርገው። ሙዙም የበሰለ ይሁን።»

ሶምናት በግንባሩ ተደፋ። ወሬው ወንዝ ተሻገረ፤ ከየመንደሩ ሰው ቅቤና ማር ተሸክሞ ይመጣ ጀመር። ማንም የማያውቀው ተራ አገልጋይ የነበረው ሶምናትም አሁን ጃንጥላ ተይዞለት የሚሄድ ትልቅ ሰው ሆነ።

አይጦ ወደ ጦጢት ብቅ አለ።

«እመት ጦጢት፣ የጎማቲን ልጆች ድርሻ በላሽ። አያሳዝኑሽም?»

«ሳልጠግብ ማዘን አልችልም።»

«እሺ፣ አሥረኛው ቀን ምን እንደሚሆንስ አትጠይቂኝም?»

«እኔ የምጠይቀው ምሳ መቼ እንደሆነ ብቻ ነው።»

አይጦ ነገሩ ከነከነውና ወደ ሶምናት ሄደ። «ፓንዲትጂ፣ የሚበላው ጋነሻ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ጦጣ አለች። ጀርባውን ዞረው ይዩት» አለው። ሶምናት ቀና ብሎ ጃንጥላውን አየ፣ የተከመረውን ማርና ቅቤ አየ። ጀርባውን ግን ዞሮ አላየም። የአንዳንድ ሰው አንገት የሚዞረው እስከሚጠቅመው ድረስ ነው፤ በእኛም ሰፈር ሞልቷል፣ ስም አልጠራም።

ጦጢት ይህን ሰማች። በሰባተኛው ቀን ሕዝቡ በተሰበሰበበት በኩምቢው ጮኸች።

«ይህን አይጥ ከፊቴ አባርሩት።»

ሕዝቡ ተያየ። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን እየነቀነቁ «ጌታ የገዛ በቅሎውን ያባርራል እንዴ? በምን ሊመለስ ነው?» አሉ። ይህች የጦጢት ትልቅ ስህተት ነበረች፤ በዚያ አገር ጋነሻና አይጡ እንደማይለያዩ ጡት የሚጠባ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የጫካዋ ጦጣ ግን ማንንም አልጠየቀችም።

ሶምናት ቶሎ ብሎ «ሊፈትነን ነው! እምነታችንን ሊያይ ነው!» አለ። አይጦን በመጥረጊያ እያሯሯጡ አስወጡት።

አይጦ ሮጦ ሮጦ ጎማቲ ደጅ ደረሰ። ታናሿ ልጅ ከረሃብ የተነሳ ቆማ መሄድ አቅቷት ተኝታለች። ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ለጎማቲ ነገራት። የሽማግሌው ጥያቄ እሷንም ሲከነክናት ነበርና አመነችው። ንዴቷ እንባ ሆኖ ወረደ። ነጠላ የመሰለ ጨርቋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጉሩጂ ሄደች።

ጉሩ ማለት የኔታ ማለት ነው። ከመንደሩ ዳር ትልቅ ዋርካ ሥር የሚቀመጡ፣ የሚያስተምሩ፣ ሰው የሚያማክራቸው አዛውንት ናቸው።

«ጉሩጂ» አለቻቸው እግራቸውን ነክታ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ምግቡ ሲመለስ አምላክ ምን ይበላ ነበር?»

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አሉ። መጠየቅ እንጂ መመለስ የማይወዱ ሰው ናቸው።

«የሰጠንበትን ልብ ይመስለኛል። ምግቡንማ ለእኛ ይተውልን ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ምግቡ አለቀ፣ ልጆቼ ሊሞቱብኝ ነው።»

«ስለዚህ አውቀሽዋል። አምላክ በልቶ ይተርፋል፤ ጦጣ በልታ ምን ሊተርፍ?»

«ልንገራቸው?»

«አይጡ ነግሯቸው በመጥረጊያ ተባረረ። አንቺን በምን እንደሚያባርሩሽ እንጃ። ለመሆኑ አሥረኛው ቀን ሥራው የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ማለዳ የምስሉን ጀርባ በእርጥብ ጭቃ እደፍናለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ዕለት ነውና ቀዳዳው ነውር ነው። ከዚያ በከበሮ እናጅበውና ወንዝ እንከተዋለን። ከጭቃ መጥቷል፣ ወደ ጭቃ ይመለሳል። እንግዳው ተሸኘ እንላለን።»

«እንግዲያው ሥራሽን ሥሪ» አሉና ያላቸውን አንድ ጭብጥ ቆሎ ለልጆቹ ሰጧት። ቆሎ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቫላብ ሌላ ስም ነበረው።

በዘጠነኛው ቀን ዋዜማ ነውና ምግቡ ተራራ ሆነ። አይጦ ልቡ አላስችለው ብሎ በስንጥቅ ሾልኮ ገባ።

«እመት ጦጢት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልለምንሽ። አሥረኛው ቀን ምን እንደሚሆን አትጠይቂኝም? ነገ እኮ ነው።»

ጦጢት ሆዷን እያሻሸች «ነገ ደግሞ ምሳ መቼ ነው?» አለችው።

አይጦ ተስፋ ቆርጦ ወጣ።

በአሥረኛው ቀን ማለዳ ጎማቲ እርጥብ ጭቃዋን በገበቴ ይዛ መጣች። ከምስሉ ጀርባ ስትቆም ከውስጥ ማንኮራፋት ሰማች። እጇ ጭቃው ላይ ቀረ። ጭራዋን ይዤ ላውጣት? ጎትቼ ለሕዝቡ ላሳይ? ባወጣት ማንም ሳይነቃ አምልጣ ጫካ ትገባለች፤ ሶምናትም «ተአምሩን አንቺ አባረርሽው» ይላል፤ ከርሞም ይኸው ይሆናል። ታናሿን ልጅ አሰበች። ከዚያ ጭቃውን እየለጠፈች፣ በመዳፏ እያለሰለሰች፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጀርባውን አሳምራ ደፈነችው። ለትንፋሽ የሚሆን የአውራ ጣት ያህል ቀዳዳ ብቻ ተወች። ክፉ ሴት አልነበረችም።

ጦጢት የነቃችው አሥር ጎረምሳ ምስሉን በቃሬዛ ሲያነሳ ነው። ወደ ኋላዋ ብትዞር ግድግዳ ነው። በኩምቢው ብታይ መንገድ ነው፤ አበባ ይበተናል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሕዝቡ «አባታችን ደኅና ግባ፣ ለከርሞ ቶሎ ና» እያለ ያለቅሳል።

«ወዴት ነው የምትወስዱኝ?» አለች በኩምቢው። በአሥር ቀን ውስጥ ስለ ምሳ ያልሆነች የመጀመሪያዋ ጥያቄ ይህች ነበረች።

«ወደ ወንዙ ነው ጌታችን፣ እንደ ልማድዎ» አለ ሶምናት።

«ወንዝ ምን ልሠራ?»

«ሊሟሙበት ነዋ።»

ጦጢት ዋና አታውቅም። «አቁሙ! መልሱኝ! መሄድ አልፈልግም» ብላ ጮኸች።

ሕዝቡ ይብስ አለቀሰ። «አያችሁ፣ መለየቱ ከብዶት ነው» አሉና ከበሮውን አጠነከሩት።

«እኔ ጋነሻ አይደለሁም! ጦጣ ነኝ!» አለች።

«ትሕትናውን ስሙልኝ!» አለ ሶምናት ደረቱን እየደቃ።

ምን ታደርግ? ሰባት ቀን ሙሉ ትእዛዟን እያጎነበሰ ከሰማ ሕዝብ መካከል፣ እውነቱን ስትናገር የሚሰማት አጣች። ጎረምሶቹ ወንዙ ገቡ። ውሃው ጉልበታቸው ደረሰ፣ ወገባቸው ደረሰ። የምስሉ እግር መሟሟት ጀመረ፣ ጦጢት መቀመጫዋ ረጠበ። የመንደሩን ሰው ትታ እናቷን መጥራት ጀመረች።

ጎማቲ ይህን ስትሰማ አንጀቷ አልቻለም። ልብሷን ሳትሰበስብ ውሃው ውስጥ ገብታ «ከበሮውን አቁሙ!» አለች። ምስሉን የሠራች እሷ ናትና ጎረምሶቹ ቆሙ፤ ከበሮውም ዝም አለ።

«ያልሽውን ድገሚው፤ ሁሉም ይስማ» አለች።

ከበሮ በሌለበት የጦጢት ድምፅ ቀጥኖ ወጣ። «እኔ ጦጣ ነኝ። ሃያ አንዱንም የበላሁ እኔ ነኝ፤ አርባ ሁለቱንም፣ ሙዙንም፣ ማሩንም። የደሀውን ድርሻ፣ የእማ ጎማቲን ልጆች ድርሻ በላሁ። አይጡ እውነቱን ነበር። እባካችሁ አታስጥሙኝ።»

ጎማቲ የለሰለሰውን ጀርባ በክርኗ ደረመሰችው። ጦጢትን በጭራዋ ይዛ አወጣቻት፤ ከጆሮዋ እስከ እግሯ ጭቃ በጭቃ ናት። መንደሩ በሙሉ አየ። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ አፈረ፣ ሶምናት ጃንጥላ ያዡን ፈለገው፤ የለም። ጉሩጂ ከዳር ቆመው «ምስሉን ሸኙት እንጂ፣ የጦጣዋ ጥፋት እንግዳውን አያጎድፈውም» አሉ። ተሸኘ።

ከዚያ ወንዙ ዳር፣ እንግዳው በተሸኘበት ውሃ ፊት ምግብ ቀረበ፣ መጋረጃ ተጋረደ፣ ደወል ተደወለ። መጋረጃው ሲገለጥ ምግቡ እንዳለ ነው። ማንም ተአምር ነው አላለም፤ ሁሉም ግን ትንፋሹን አወጣ። ሶምናት በገዛ እጁ መጀመሪያ ለጎማቲ ታናሽ ልጅ አጎረሳት፣ ቀጥሎ ለአይጦ ቀንሶ ሰጠ፤ ቀና ብሎ ማንንም ማየት አልቻለም። ጉሩጂ ደግሞ የእጅህን ታገኛለህ የምንለውን እነሱ ካርማ ይሉታልና፣ ጦጢት እስከ አዲሱ እህል ድረስ በየቀኑ ከረጅሙ ዛፍ ኮኮናት እያወረደች የጎማቲን ቤት እንድትቀልብ ፈረዱባት።

ጦጢት ጭቃው ፊቷ ላይ እየደረቀ፣ የሚበላውን ሕዝብ እያየች ጎማቲ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማ ጎማቲ፣ ውስጥ መሆኔን እያወቅሽ ነው የዘጋሽብኝ?» አለቻት።

«ስታንኮራፊ ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ወንዝ አስወሰድሽኝ?»

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ፤ አፌን የሚያብስ ዳቦ ያጣ ሰው ውሃም ያምጣልኝ፣ ቅር አይለኝም። ጎማቲ የመለሰችላትን ግን ይዛችሁ ሂዱ። «እኔ አንቺን አላስወሰድኩሽም» አለቻት፤ «በእንግዳ ወንበር የተቀመጠ ከእንግዳው ጋር ይሸኛል።»